ለእቴቴ የያዝኩላት ቦታ

በፍልሰታ ጾም ደብረ ብርሃን ውስጥ ያልረጠበ ነገር አይገኝም። ዘንድሮ ከጾሙ ቀናት በአንዱ፣ ቅዳሴ እየተቀደሰ፣ አንዲት አሮጊት መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ። የለበሱት ባና ውሃ ያንጠባጥባል። ከየት እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም። ከተማችን ከየገጠሩ ተኩስ ሸሽቶ የመጣ ሰው ሞልቶባታል፤ መጠየቁ ቀላል ነው፣ መልሱን ቆሞ መስማት ነው የሚያስቸግረው። እኔን ያስደነገጠኝ የባናው ሽታ ነው። እርጥብ የበግ ጠጉር ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታም፤ በግም ጭስም ቅባትም አለበት። አፍንጫዬ እንደገባ ዕድሜዬ ወደ ሰባት ወረደና መንዝ ሄድኩ፤ እቴቴ የሺ ቤት።

የዚያን ክረምት አባቴ ከዓለም ከተማ ይዞኝ ሲነሳ፣ እናቴ ልትወልድ ስለደረሰች ነው የተባልኩት። «ለአክስትሽ ጓደኛ ትሆኛታለሽ» አለኝ። ጓደኛ ሲባል የዕድሜ እኩያ ይመስለኝ ስለነበር፣ መንገዱን ሙሉ እቴቴን ጥርሷ የወለቀ የሰባት ዓመት ልጅ አድርጌ እያሰብኳት ሄድኩ። በጥርሱ በኩል አልተሳሳትኩም። በአውቶብስም በጭነት መኪናም እየተቀያየርን ቀየት ገባን፤ ከቀየት ወዲያ ያለው በፈረስ ነው። አባቴ አንድ ሌሊት አድሮ ተመለሰ። እኔ እዚያው ቀረሁ፤ ብርዱም ከእኔ ጋር ቀረ።

እቴቴ የሺ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ረጅምና ደረቅ፣ ወሬ የማትወድ፣ ስትናገር ግን የምትዋጋ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጅ ነበራት፤ እሱም እንደሞተ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። ከምሰሶው ላይ አንድ የወንድ በርኖስ ተሰቅሎ ነበር፤ አቧራ ይራገፍለታል፣ የሚለብሰው ግን የለም።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የአስናቀ።»

«አስናቀ መቼ ይመጣል?»

«ዝም አይነቅዝም። ጠጉሩን አፍታቺ።»

ሥራዬ እሱ ነበር። የበግ ጠጉር ታጥቦ ሲደርቅ ተጣብቆ ይቀራል፤ በጣት እየለያዩ፣ እሾህና ገለባውን እየለቀሙ ማፍታታት ነው። እኔ አፍታታለሁ፣ እቴቴ ትፈትላለች፣ ክሩ ሲበቃ ሸማኔ ባና ይሠራበታል። ጠጉሩ ከቤቱ ጥግ ተከምሮ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። እጄ ቅባት በቅባት ሆኖ፣ በሶ ስጨብጥ እንኳ በሶው በግ በግ ይለኝ ነበር።

ጸሎት ያስተማረችኝም ምሽት ላይ እሳት ዳር፣ እንዝርቷን ሳታስቀምጥ ነው። ከአባታችን ሆይ የማውቀው መጀመሪያውንና አሜኑን ብቻ ነበር፤ መሐሉን ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነበር የማልፈው። እቴቴ ይህንን ወዲያው ያዘችብኝ። «እንደ ፍየል አታመንዥጊ፤ ቃል በቃል በይ» ብላ ከሥሩ ጀመረችልኝ። እሷ ትላለች፣ እኔ እከተላለሁ።

«እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ከሚለው ስንደርስ እቴቴ ትቆማለች። እንዝርቷም ይቆማል። ክሩን በከንፈሯ ታረጥባለች፣ እሳቱን ታያለች። ቆየት ብላ «ወደ ፈተና አታግባን» ስትል እንዝርቷ እንደገና ይዞራል። እኔም እንደ እሷ እቆማለሁ፣ ምራቄን እውጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ጸሎቱ እንዲያ የተሠራ መሰለኝ። እስከዚያ ድረስ ስንለምን የቆየነው እኛ ነን፤ ያቺ ዝምታ የእግዜር የመናገሪያ ተራው መሆን አለባት ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ከጣሪያው የሚያፈሰው ውሃ ገንቦ ውስጥ ጠብ ይላል። ከጋጣው በኩል አንድ ነገር ይስላል። እግዜርን ጉንፋን ይዞታል አልኩ፤ በዚያ ብርድ አልፈረድኩበትም።

ጣሪያው የሚያፈስበትን ምክንያት ያወቅኩት ውሃ ስቀዳ ነው። በዚያ አገር ቤት የሚከደነው በጓሳ ሣር ነው። ከመንደሩ በላይ ያለው ጓሳ የሚባለው ሜዳ የሁሉም ነው፤ ሽማግሌዎች ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፍቱታል፣ ያን ዕለት አገሩ በሙሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። የሰው ሁሉ ቤት አዲስ ሣር ለብሶ የእቴቴ ብቻ ጠቁሮ፣ ወገቡ ሰምጦ ያፈስ ነበር። ከምንጩ ያገኘኋት አንዲት የሰፈር ልጅ፣ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል፣ እንስራዋን እየሞላች ሁሉንም ነገረችኝ። ከዓመታት በፊት ጓሳ የተከፈተ ዕለት አስናቀና ጓደኛው ሽፈራው እኩል ሮጡ። አንድ ጥሩ ሣር ያለበት ቦታ ላይ እኩል ደረሱ። እኔ ቀደምኩ፣ እኔ ቀደምኩ ተባባሉ። ሽፈራው ዱላውን አነሳ። አስናቀ እዚያው ወደቀ።

«ሽፈራው እስር ቤት ነው» አለችኝ ልጅቷ። «በዚህ ክረምት ሊፈታ ነው አሉ። ከዚያ አባትሽ ይገድለዋል።»

«የኔ አባት?»

«ታዲያ የማን? የሟች አጎት እሱ ነው። ደግሞ ወታደር ነበር አይደል? ጦር ሜዳ ስንት ጠላት የገደለ ሰው፣ ለእሱ ምን አላት ብላለች እናቴ።» እንስራዋን አዘለች። «አክስትሽ ይቅር ካለች አይገድለውም። ግን አትልም።»

የወፍጮ ተራ እንደምታወራ ነው የነገረችኝ። እኔ ፈራሁ። አባቴ ዓለም ከተማ ላይ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ፣ ሚስማር ሲጠፋው ከአፉ ውስጥ የሚያገኝ ሰው ነው። ሰው ሲገድል ላስበው ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ሽፈራው ሲገድለው ግን መጣልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴቴ አንዲቱን ቃል የምትለው መቼ ነው እያልኩ አፏን መጠበቅ ሆነ ሥራዬ።

ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ልጅ ሁሉ ይጾማል፤ ቅዳሴው እስኪወጣ ድረስ እህል አይቀመስም። እኔም ጾምኩ፤ በየቀኑ ልሞት ነው እያልኩ፣ በየቀኑ ሳልሞት። ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው በዙሪያው መንገድ ነበር። አቋራጩ በአንድ ደጅ በኩል ያልፋል፤ የሽፈራው እናት የእማማ ብርቄ ደጅ ነው። እቴቴ ያንን ደጅ ላለማየት ጭቃውን ሁሉ ትዞረዋለች። ቅጥሩ ውስጥ ስንደርስ ግን ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጽድ ሥር ይቆማሉ፤ እሷ በወዲህ፣ እማማ ብርቄ በወዲያ፣ ግንዱን በመካከል አድርገው። ሌሎች አሮጊቶች ለመቁረብ ሲገቡ ሁለቱም ከቦታቸው አይነቃነቁም።

አንድ ቀን ከእኛ ኋላ የሚሄዱ ሽማግሌ፣ እቴቴ እንድትሰማ ሆን ብለው ከፍ አድርገው፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉ። እቴቴ ዞር ሳትል «እርስዎ ሁለቱንም ችለውበታል» አለቻቸውና መንገዷን ቀጠለች። እኔ ግን ልቤ ዘለለ። ሽማግሌው ስለ ሳሉ ያውቃሉ ማለት ነው። የእግዜር ጉንፋን ለካ አገር ያወቀው ነገር ነው።

ለቁርባን የምንቀርበውን ልጆች ጸሎት የሚያስደግሙን መምሬ ዘውዴ ነበሩ፤ የእቴቴ የነፍስ አባት ናቸው። አጭር፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሲቀመጡ «እሰይ» ሲነሱ «ወይኔ» የሚሉ ቄስ። ቅዳሴው ከወጣ በኋላ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ደርድረው አስቀመጡን። እናቶች ቆመው ይሰማሉ። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። በራሴ ተማምኜ ነበር፤ ከልጆቹ ሁሉ ቀስ ብዬ፣ ጥርት አድርጌ አልኩት። እንጀራው ላይ ደረስኩ። ቆምኩ። ምራቄን ዋጥኩ። ጆሮዬን ወደ ሰማይ አቀናሁ። ከዚያ ወደ ፈተና አታግባን አልኩ።

ልጆቹ ሳቁ። እናቶቹ አልሳቁም። መምሬ ዘውዴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ።

«ድገሚው እስቲ።»

አላማረልኝም ይሆናል ብዬ ዝምታውን አስረዘምኩት። በዚህኛው ጊዜ ልጅም አልሳቀም። ከጽዱ ሥር እማማ ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እቴቴ እንደ ግንዱ ቆማለች፤ ፊቷ ግን ቀይ ሆኗል። መምሬ «ጎሽ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ከእኔ ቀጥላ የተነሳችው ልጅ ጸሎቱን ስትለው ነው በዚያ ቦታ ላይ ቃል እንዳለ የሰማሁት። በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል። እቴቴ ይህን ሳታውቅ ኖራ ይሆን ብዬ አዘንኩላት፤ ቤት ስንደርስ አስተምራታለሁ አልኩ።

ቤት ስንደርስ ግን የሚደፈር ፊት አልነበረም። ያን ምሽት እቴቴ እንዝርት አልያዘችም፣ ጸሎትም አላለችም። ጸሎቱን ሰበርኩት መሰለኝ።

በማግስቱ መምሬ ዘውዴ ጠበል ለመርጨት መጡ። ጠበሉ ምክንያት እንደሆነ እኔም ገብቶኛል፤ ሌላ ቤት አልረጩም። «እሰይ» ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እቴቴ ቆማ ቀረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏት።

«እርስዎ ያውቁታል ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ።»

«ይቅር ማለት ያቃተሽን አውቃለሁ። ቃሏን መዝለልሽን ግን አልነገርሽኝም።»

«ታዲያ ምን ልበል አባ? ይቅር እንደምንል ልበለው? እኔ አላልኩ! ለሰው እንኳ ዋሽቼ አላውቅ፣ ለእሱ ልዋሸው ነው? የማልለውን አልልም።»

ውሃው ገንቦ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ።

«መልካም። አንቺ አትዋሺ» አሉ። «ይቺ ልጅስ? እሷን ማን በደላት? የበደላት የሌለ ልጅ ምሕረት ሳትለምን እንድታድግ አደረግሻት።»

እቴቴ መልስ አታጣም ነበር። ያን ዕለት ግን ከምሰሶው ሄዳ በርኖሱን ማራገፍ ጀመረች፤ አቧራ ያልነበረበትን።

መምሬን እስከ ደጅ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ከአጥሩ ስንደርስ ጎንበስ ብለው፣ «ወይኔ» ብለው፣ ጆሮዬ ሥር ያወሩኝ ጀመር።

«ያቺን ቃል አሁን ታውቂያታለሽ?»

«አዎ አባ። እቴቴን ላስተምራት?»

«የለም፣ እሷ ታውቃታለች። ለብቻሽ ስትጸልዪ በያት። ከእሷ ጋር ስትሆኚ ግን እንደ ድሮሽ ዝም በይ። ቀየት ወፍጮ ቤት ሄደሽ ታውቂያለሽ? ሰው ስልቻውን በተራው ላይ አስቀምጦ ጉዳዩን ሊጨርስ ይሄድ የለም? ስልቻው እያለ ማንም ቦታውን አይወስድበትም። አንቺም ለአክስትሽ እንደዚያ ነሽ። እስክትመጣ ቦታውን ያዢላት።»

ስልቻ መሆን ከባድ ሥራ አልመሰለኝም። እሺ አልኳቸው። ያን ምሽት እቴቴ ወደ እንዝርቷም ወደ ጸሎቷም ተመለሰች፤ እዚያች ቦታ ስንደርስ ቆመች፣ እኔም ቆምኩ። አሁን ግን እግዜርን ማዳመጡን ትቼ እሷን አያት ነበር። መጣች አልመጣችም እያልኩ።

አባቴ የመጣው ጾሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ፤ ሳቅፈው በርኖሱ ውስጥ ደረቅ ነገር ጎኔን ወጋኝ። ጠመንጃ ነበር። ሽፈራው ተፈትቶ እናቱ ቤት ገብቷል፤ ሽማግሌዎችም ጾሙ የሚፈታበትን ቀን ለዕርቅ ቆርጠዋል። ይህን ለእቴቴ ነገራትና እሳት ዳር ተቀምጦ ጠመንጃውን በጨርቅ መወልወል ያዘ። እጁ ይንቀጠቀጣል። «በረደህ?» ስለው «አዎ፣ የመንዝ ብርድ» አለኝ። አመንኩትና ከተከመረው ጠጉር አንድ እቅፍ አምጥቼ እግሩ ላይ ከመርኩለት። የብርድ መንቀጥቀጥ እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ።

«እትዬ፣ ልጄን ስጪኝ» አላት። «ከዕርቁ ቀን በፊት ቀየት ልውሰዳትና ከሰው ቤት ትቆይ።»

«አልሰጥህም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ለምን አምጣት እንዳልኩህ መች አጣኸው? ሽፈራው እንደሚፈታ ስሰማ ነው ያስመጣኋት። ልጅህ እኔ ቤት እያለች ደም የነካው እጅህን ይዘህ ይህን ደጃፍ አታልፍም። አውቅሃለሁ።»

አባቴ ጨርቁን አስቀመጠ። ለጓደኝነት የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለዋስትና ኖሯል የመጣሁት። ቅር አላለኝም። ስልቻም ዋስም መሆኔ ትልቅ ሰው ያደረገኝ መስሎ ተሰማኝ።

«እንዲህ ካሰብሽ ለምን ይቅር አትዪም?» አለ አባቴ። «አንቺ አንዲት ቃል ስትዪ እኔም አረፍኩ። ካላልሽ ግን ሰው ምን ይለኛል? ጦር ሜዳ የዋለ ሰው የእህቱን ልጅ ደም በላ ይባላል።»

«ጦር ሜዳ የዋልክ ነህ። ይህስ ከዚያ በምን ይለያል?»

አባቴ እሳቱን እያየ ነው የመለሰላት። «እዚያ ወደ ጭሱ ነው የተኮስኩት። ማንን እንደመታሁ አላውቅም፤ አለማወቄም ለነፍሴ አልበጀኝም፣ ንስሐ አባቴ ያውቃሉ። ሽፈራው ግን ከአስናቀ ጋር አንድ ፈረስ ላይ አፈናጥጬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። በዓይኑ ያየኛል።»

እቴቴ እንዝርቷን አነሳች። እኔ ሁለቱንም አየኋቸው። አንዱ መግደል አይፈልግም፣ አንዷ እንዲገድል አትፈልግም፤ ታዲያ ሥራው ለምን አላለቀም? አዋቂዎች ነገር ማካበድ ይወዳሉ ብዬ ተኛሁ።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው የለም። ካፊያ ነበር። ሽማግሌዎች ከጽዱ ሥር ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ፤ መምሬ ዘውዴ መስቀላቸውን ይዘው በመካከል። እቴቴ ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ እኔ ነጠላዋን ይዤአለሁ። አባቴ ከቅጥሩ በር ላይ ነው፣ በርኖሱን እንደተከናነበ። እጁ ከበርኖሱ ውስጥ ነው። እጁ ምን እንደጨበጠ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰው ከበሩ ትንሽ ራቅ እያለ ቆሟል።

ሽፈራው በዚያው በር ገባ፣ በአባቴ አጠገብ አልፎ። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ነፍሰ ገዳይ ግዙፍ ይመስለኝ ነበር። ቀጭን ነው፤ ጆሮዎቹ ወጣ ወጣ ያሉ፣ ራሱን የተላጨ፣ ጉልበቱ ጭቃ የነካው። ከእቴቴ እግር ሥር ተደፍቶ «እትዬ የሺ፣ ስለ ማርያም» አለ። ድንጋዩ እንዳይወድቅበት በሁለት እጁ ደግፎት ስለነበር ግንባሩ ጭቃው ውስጥ ገባ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተነሱ።

«የሺመቤት፣ ስለ ወላዲተ አምላክ ይቅር በዪ!»

እቴቴ ዝም አለች።

«ስለ ቁርባኑ ይቅር በዪ!»

ዝም። እማማ ብርቄ ከግንዱ ወዲያ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። በበሩ በኩል ሰው ተገፋፋ። ያልተጨነቅኩ እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ይቻላል፤ ይህን ዝምታ ከእኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። እንዝርት ባትይዝም ጣቶቿ የሌለ ክር ያፍተለትሉ ነበር። ቦታው ላይ ደርሳለች። ተራው እንዳያልፋት ብቻ ፈራሁና ነጠላዋን ሳብ አደረግኩት።

«እቴቴ፣ መጣሽ?» አልኳት።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፄ ለራሴም ጎላብኝ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ይቺን ልጅ ዝም አሰኙ!» አሉ። መምሬ ዘውዴ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ተዋት» አሉ። እቴቴ ቁልቁል አየችኝ፤ ከዚያ መምሬን አየቻቸው፤ ማን እንዳስተማረኝ ገባት።

«ገና ነኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ሻካራ ነበር። «መንገድ ላይ ነኝ።»

ጎንበስ አለች። ድንጋዩን ከሽፈራው ማጅራት በሁለት እጇ አነሳች፤ ዕንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ተጠንቅቃ መሬት ላይ አኖረችው። ቀና ስትል እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች። «ይቅር ብያለሁ አልልም። ብል ውሸት ነው፤ ታቦቱ ፊት አልዋሽም። ድንጋዩን ግን አውርጄለታለሁ፤ ማንም መልሶ አያሸክመው። የአስናቀ ደም እዚህ ይቁም። አንተም ወንድሜ፣ ሰምተሃል። እጅህን አውጣ።»

አንዱ ሽማግሌ አላስችል አላቸው። «ቃሉን ሳትል ይህ ምን ዕርቅ ይባላል?»

«መንገድ ላይ ነኝ ያለችን ሴት ደርሰሻል ብዬ አላስምላትም» አሉ መምሬ ዘውዴ። «አልደረስሽም ብዬም አልመልሳትም። ድንጋዩ ወርዷል። ቃሉ ሲደርስ ይደርሳል።»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። አባቴ በርኖሱን ገለጠ። እጁ ባዶ ነበር። አላመኑትም መሰለኝ፣ ወገቡን ሁሉ አዩት። ምንም አልያዘም።

ጠመንጃውን ያገኘሁት ምሽት ላይ ነው። ጠጉር ልወስድ እጄን ክምሩ ውስጥ ስከት ቀዝቃዛ ብረት ነካሁ። ጮህኩ። እቴቴ መጥታ ጠጉሩን ገለጥ አድርጋ አየችና ወንድሟን አየችው።

«ሳትይዘው ሄድክ?»

«ወደ ፈተና አታግባን ይባል የለ?» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከእሳቱ ሳይነቅል። «ብይዘው ራሴን አላምነውም።»

«አገር ስታስፈራራ የዋልከው በባዶ እጅህ ነው?»

«አገሩ ራሱ ነው የፈራው።»

እቴቴ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተነቃነቀ። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረና አባቴ ራሱን አቀረቀረ። እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅኩ ጠጉር ማፍታታቴን ቀጠልኩ። ከዚያ ሦስታችንም ጸለይን። እዚያች ቦታ ስንደርስ እቴቴ ቆመች፤ አባቴም ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። ውሃው ጠብ አለ። ከጋጣው በኩል ሳሉ ተሰማ፤ በግ መሆኗን ያን ጊዜ ደርሼበት ነበር፣ ሙሉ በሙሉ ባላምንም። ልዩነቱ እቴቴ እሳቱን ትታ ወደ እኔ ማየቷ ነው፤ ቦታው አሁንም አለ ወይ እንደማለት። ራሴን ነቀነቅኩላት።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ጠዋት ከአጥራችን ሥር አንድ ሸክም የጓሳ ሣር ተቀምጦ አገኘን፤ ደረቅ፣ በጥሩ የታሰረ። ማን እንዳመጣው እቴቴ አልጠየቀችም። ጣሪያ አላስከደነችበትም። አልጣለችውም፣ ለበጎቹም አልሰጠችም። ዝናብ ሲመጣ ግን ወጣች፤ ሸክሙን በጀርባዋ አዝላ ከቤቱ ክፈፍ ሥር አስጠጋችው፣ እንዳይበሰብስ።

እናቴ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ አደይ ሲፈነዳ አባቴ ሊወስደኝ ተመልሶ መጣ። መምሬ ዘውዴን ልሰናበታቸው ሄድኩና አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ እቴቴ ገና አልደረሰችም፣ ቦታውን ለማን ላስረክብ?

«ይዘሽው ሂጂ» አሉኝ። «ደግሞ ሌላም ሰው ይፈልገው ይሆናል።»

ዘንድሮ በዚያ ቅዳሴ መጨረሻ አባታችን ሆይ በኅብረት ተባለ። ከአጠገቤ የቆሙት ባለባናዋ አሮጊት ድምፃቸው ጎላ ያለ ነው፤ ከሰዉ መካከል ለይቼ እሰማቸው ነበር። እንጀራችንን ስጠን ዛሬ አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተቋረጠ። ሕዝቡ አለፈ። ማን እንደበደላቸው፣ የማን በርኖስ ከየትኛው ምሰሶ ላይ ትተው እንደመጡ አላውቅም። አልዞርኩም፣ ዓይናቸውንም አላየሁም። ከሕዝቡ ተነጥዬ እኔም ዝም አልኩ፤ ባናቸው ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሕዝቡ አሜን ሲል ሁለታችን ገና እዚያው ነበርን።